«ደህና ነኝ» ያለው ወታደር፦ ለሶሪያቲክ አርትራይተስ የአካል ጉዳት ካሳ እንዴት ይጠየቃል?

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ነው። አንድ ወጣት ወታደር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የቦት ጫማውን ክር ለማሰር ይታገላል። ጣቶቹ አልታዘዝ ብለውታል። የቀኝ እጁ ሌባ ጣት ከሥሩ እስከ ጫፉ አብጧል። ተረከዙን መሬት ሲያስነካው እንደ ሚስማር ይወጋዋል። ክሩን በጥርሱ ይዞ ያጠብቅና ወጥቶ ከጓደኞቹ ጋር ይሮጣል። ረፋዱ ላይ ሰውነቱ ይፍታታል። ከሰዓት በኋላ በሌላ ጉዳይ የጦር ሰፈሩ ክሊኒክ ይገባል። ነርሷ «እንዴት ነህ?» ትለዋለች። «አይም ፋይን» ይላታል። እሷም የሰማችውን ትጽፋለች፦ ታካሚው ምንም ችግር የለብኝም ብሏል።

ይህን ወታደር ለማስረዳት ብዬ ነው የሳልኩት። ግን ጠባዩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ለኛ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ማለት ሰላምታ እንጂ ስለ ጤና የሚሰጥ መልስ አይደለም። ለቅሶ ቤት ተቀምጠን እንኳ ደህና ነን እንላለን። የአሜሪካ የሕክምና መዝገብ ግን ሰላምታ አያውቅም፤ የተባለውን ይጽፋል። ከአሥር ዓመት በኋላ የካሳ ማመልከቻውን የሚመረምረው ሰው ልጁን በአካል አያየውም። የሚያየው ያቺን አንድ መስመር ነው።

በአሜሪካ ጦር ውስጥ ያገለገሉ የሀገራችን ልጆች አሉ። በግሪን ካርድ የገቡ አሉ፣ እዚያው ተወልደው ያደጉ አሉ። በ2008 የተጀመረው ማቭኒ የተባለው ፕሮግራም ግሪን ካርድ የሌላቸውን በቋንቋ ችሎታቸው ሲመለምል፣ አማርኛ ከተፈላጊዎቹ ቋንቋዎች አንዱ ነበር። ከነዚህ ሰዎች አንዱ ከሆናችሁ፣ ወይም ባለቤታችሁ፣ ወንድማችሁ፣ ልጃችሁ ከሆነ፣ ቀጥሎ ያለውን ተረጋግታችሁ አንብቡት። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ በሽታው

ሶሪያሲስ የቆዳ በሽታ ነው። እከክ አይደለም፣ ለምጽ አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። የሰውነት መከላከያ ጠላት ያገኘ መስሎት የገዛ አካሉን ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ጤነኛ ቆዳ በወር ገደማ ይታደሳል። ሶሪያሲስ ያለበት ቦታ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይታደስና ቅርፊቱ በላይ በላዩ ይከመራል። ክርን ላይ፣ ጉልበት ላይ፣ ፀጉር ውስጥ፣ እምብርት አካባቢ ይወጣል። ጥፍርን በመርፌ የተወጋ ያስመስለዋል።

እዚህ ላይ ለኛ ሰዎች አንድ ነገር ልብ ይባል። የሕክምና መጻሕፍት ሶሪያሲስን ቀይ ብለው የሚገልጹት በነጭ ቆዳ ላይ አይተውት ነው። በጥቁርና በጠይም ቆዳ ላይ ሐምራዊ፣ ጠቆር ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ መስሎ ይታያል። ስለዚህ በቀላሉ ይስታል። በአገልግሎት ዘመን መዝገባችሁ ላይ «ኤክዜማ»፣ «ፈንገስ» ወይም «ደርማታይተስ» ተብሎ ቅባት የታዘዘበት ቀን ካለ አትለፉት። ያኔ የሶሪያሲስ መጀመሪያ የነበረ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ያንን ወረቀት የሚያይ የቆዳ ሐኪም ይህን በጽሑፍ ሊመሰክር ይችላል።

ሶሪያሲስ ካለባቸው ሰዎች እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት ላይ መገጣጠሚያም ይነካል። ሶሪያቲክ አርትራይተስ የሚባለው ይህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቆዳው ይቀድማል፤ መገጣጠሚያው ከዓመታት በኋላ፣ አንዳንዴ ከአሥር ዓመት በኋላ ይከተላል። በጥቂት ሰዎች ላይ ደግሞ መገጣጠሚያው ይቀድማል። ምልክቶቹ የታወቁ ናቸው። ጠዋት ግትር ማለትና ከግማሽ ሰዓት በላይ አለመፍታታት አለ። ጣት ሙሉውን ያብጣል። ተረከዝ ላይ ጅማቱ አጥንት የሚነካበት ቦታ ያማል። የወገብ ሥር ህመም እንቅልፍ ይነሳል። ደግሞ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ያገረሻል። የሩማቶይድ የደም ምርመራው ብዙ ጊዜ ኔጌቲቭ ነው። «ደምህ ንጹሕ ነው» ተብሎ በአይቡፕሮፌን የሚሸኝ ሰው የሚበዛውም ለዚህ ነው። ሩማቶሎጂስት፣ ማለትም የመገጣጠሚያ በሽታ ሐኪም ዘንድ እንድትላኩ ጠይቁ።

ሦስቱ እግሮች

ካሳውን የሚሰጠው የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው፤ ሁሉም ሰው ቪኤ ይለዋል። ቪኤ ገንዘብ የሚከፍለው በሽታ ስላለ ብቻ አይደለም። በሽታው ከአገልግሎቱ ጋር መያያዝ አለበት። ክሌሙ፣ ማለትም የካሳ ጥያቄው፣ ልክ እንደ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ይቆማል፤ አንዱ ከጎደለ ይደፋል።

አንደኛው እግር ዛሬ ያለ፣ በሐኪም የተረጋገጠ በሽታ ነው። ሁለተኛው በአገልግሎት ጊዜ የሆነ ነገር ነው፤ የቆዳ ሽፍታ፣ የጣት እብጠት፣ ለተረከዝ ህመም የተሰጠ የዕረፍት ወረቀት። ሦስተኛው እነዚህን ሁለቱን የሚያገናኝ ድልድይ ነው፤ በክሌም ቋንቋ ኔክሰስ ይሉታል። በብዛት ሰው የሚወድቀው ሦስተኛው ላይ ነው። በሽታው አለ፣ ወረቀቱም አለ፣ ግን «ይህ ከዚያ የመጣ ነው» ብሎ ምክንያቱን ጭምር የጻፈ ሐኪም የለም።

የሚፈለገው ማስረጃ ግን የወንጀል ችሎት ዓይነት አይደለም። ሚዛኑ እኩል ለእኩል ከሆነ ሕጉ ለወታደሩ ያደላል። ሐኪሙ «ከአገልግሎቱ ጋር የመያያዙ ዕድል ቢያንስ 50 በመቶ ነው» ካለ በቂ ነው። ሐኪሞች «ሊሆን ይችላል» ብለው ይጽፋሉ፤ ይህ ቃል አይረዳም። «ቢያንስ እኩል ዕድል አለው» የሚለውን እንዲጽፉላችሁ፣ ምክንያቱንም እንዲያብራሩ ጠይቋቸው። ይህን መጠየቅ ነውር የለውም። ሐኪሙ መድኃኒት እንጂ የቪኤን ቋንቋ አልተማረም።

በየትኛው በር መግባት ይሻላል?

ቀጥተኛው በር በአገልግሎት ላይ እያሉ ቆዳው ወይም መገጣጠሚያው መጀመሩን ማሳየት ነው። ምርመራው ያኔ ባይደረግም ምልክቱ ያኔ መጀመሩ በቂ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው በር የአንድ ዓመቱ ነው። ሕጉ ሥር የሰደዱ በሽታዎች ዝርዝር አለው፤ አርትራይተስ እዚያ ውስጥ አለ። ቪኤ የጉዳቱን ክብደት ከ0 እስከ 100 በመቶ ይመድባል፤ ክፍያውም በዚያ ይወሰናል። ቢያንስ 90 ቀን ያገለገለ ሰው፣ ከተሰናበተ በአንድ ዓመት ውስጥ አርትራይተሱ ቢያንስ 10 በመቶ በሚያሰጥ ደረጃ ከታየበት፣ ከአገልግሎቱ እንደመጣ ይቆጠራል። ስለዚህ በቅርቡ የተሰናበታችሁ ሰዎች ህመሙን «ሥራ ላግኝና ከዚያ» አትበሉት። ያቺ ዓመት ትሄድባችኋለች።

ሦስተኛው በር ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው ነው፤ ብዙ ሰው ግን አያየውም። ሁለተኛ ደረጃ ግንኙነት ይባላል። በአገልግሎት የተያያዘ አንድ በሽታ ሌላ በሽታ ካመጣ ወይም ካባባሰ፣ ሁለተኛውም ይያያዛል። ሶሪያሲስና ሶሪያቲክ አርትራይተስ ደግሞ ያለ ብዙ ክርክር ዘመዳሞች ናቸው። የቪኤ የደረጃ መጽሐፍ ራሱ ስለ ሶሪያሲስ በሚናገርበት ቦታ፣ እንደ ሶሪያቲክ አርትራይተስ ያሉ መዘዞች ለብቻቸው ደረጃ እንዲሰጣቸው ያዛል።

ይህ ማለት ምን ማለት ነው? ከዓመታት በፊት ለቆዳችሁ አመልክታችሁ «ተያይዟል፣ ግን 0 በመቶ» የተባለ ደብዳቤ ደርሷችሁ ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን ደብዳቤ ሲያይ ተናዶ መሳቢያ ውስጥ ይወረውረዋል። አውጡት። ያ ዜሮ ገንዘብ ባያመጣም በሩን ከፍቶላችኋል። ቆዳው ከአገልግሎት እንደመጣ ቪኤ አምኗል። አሁን መገጣጠሚያው ሲከተል ማሳየት ያለባችሁ ከአገልግሎቱ ጋር ያለውን ሳይሆን ከቆዳው ጋር ያለውን ዝምድና ነው። ይህንን ደግሞ ማንኛውም ሩማቶሎጂስት በሁለት አንቀጽ ሊጽፈው ይችላል። የዓይን መቆጣት ወይም ድብርት ከበሽታው ተከትሎ ከመጣም በዚሁ በር ይገባል።

«ከመግባትህ በፊት ነበረብህ» የሚባሉም አሉ። ሶሪያሲስ ያለበት ሰው በጦሩ የጤና ደንብ መሠረት ያለ ልዩ ፈቃድ ወደ ጦሩ አይገባም። የመግቢያ ምርመራችሁ ላይ ካልተጻፈ፣ ጤነኛ ሆናችሁ እንደገባችሁ ይቆጠራል። ይህን ለመስበር ቪኤ ግልጽና የማያሻማ ማስረጃ ማምጣት አለበት። ከባድ ሸክም ነው፤ ሸክሙም የእናንተ አይደለም።

በ2022 ስለወጣው ፓክት አክት የሚጠይቅ ይኖራል። ጦሩ ቆሻሻ ለሚያቃጥልበት ጉድጓድ ጭስ ለተጋለጡ ወታደሮች ብዙ በሽታዎችን ያለ ማስረጃ ክርክር ያያይዛል። ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ወዲህ ጅቡቲ ያገለገሉም ይካተታሉ። ሶሪያቲክ አርትራይተስ ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ቢሆንም ሕጉ አንድ ጥቅም አለው። ለመርዝ መጋለጣችሁ ከታወቀ፣ ቪኤ ምርመራ እንዲያደርግላችሁና ግንኙነቱ ላይ የሐኪም አስተያየት እንዲያስጽፍ ይጠበቅበታል።

ቀኑን ያዙት

ገና ወረቀት አልተሰበሰበም ብላችሁ አትዘግዩ። ፎርም 21-0966 የሚባል አጭር ወረቀት አለ። «ላመለክት አስቤያለሁ» ከማለት ያለፈ ነገር አይጠይቅም። እሱን ስታስገቡ ቀኑ ይያዝላችኋል። ዋናውን ማመልከቻ፣ ማለትም ፎርም 21-526ኢዚ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ካስገባችሁና ከተፈቀደ፣ ክፍያው ወደዚያ ቀን ተመልሶ ይታሰባል። ከተሰናበታችሁ ዓመት ካልሞላ ደግሞ ከተሰናበታችሁበት ማግስት ጀምሮ ሊታሰብ ይችላል። ገና ልትወጡ ከሆነ፣ ከመውጫ ቀናችሁ ከ180 እስከ 90 ቀን አስቀድሞ ማመልከት ይቻላል። ይህ ከሁሉም ይሻላል፤ ወረቀቱም ሐኪሙም እዚያው ናቸው።

ያልተጻፈ የለም

ወደ «ደህና ነኝ» ልመለስ። ይህ በሽታ ይመጣል ይሄዳል ብያለሁ። የሐኪም ቀጠሮ የምታገኙት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ያን ቀን እብጠቱ ይጠፋል። ቆዳውም ሻል ይለዋል። ሐኪሙ የሚያየውን ይጽፋል። ስለዚህ ያበጠውን ጣት ባበጠበት ቀን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ቀኑ ስልኩ ውስጥ ይቀራል። ቆዳውን በቀን ብርሃን አንሱ። በደብተር ወይም በስልክ ሁለት መስመር ጻፉ፦ ዛሬ ምን አቃተኝ? የውሃ ጠርሙስ ክዳን መክፈት? መኪና መንዳት? ቤተ ክርስቲያን መስገድ? ሰጋጆች በረመዳን የተራዊህ ሶላት ላይ ጉልበታቸውን ያስታውሱ። ሰው ሰላም ብሎ ሲጨብጣችሁ እጃችሁን የሸሸጋችሁበትን ቀን ጻፉ። በየሐኪሙ ቀጠሮ ያንን አንብቡለትና መዝገብ ላይ ይግባ።

ብዙዎቻችን ጸበል እንሄዳለን። ተጠመቁ፣ ጸልዩ፤ ጎን ለጎን ግን ሐኪሙን እዩ። አሮጌው አባባል እንደሚለው በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ካሳም እንዲሁ። አዲስ አበባ ሄዳችሁ የታከማችሁም ካላችሁ ካርዱን ኮፒ አስደርጉ። የኛ ሐኪሞች የሚጽፉት በእንግሊዝኛ ስለሆነ እንዳለ ይያያዛል። ቪኤ ራሱ ሄዶ ያመጣልኛል ብላችሁ ግን አትጠብቁ።

ምርመራው

ካመለከታችሁ በኋላ ቪኤ ለምርመራ ይጠራችኋል። ሲ ኤንድ ፒ ይሉታል። ብዙ ጊዜ የሚመረምረው የቪኤ ሐኪም ሳይሆን በኮንትራት የሚሠራ ነው። ሊያክማችሁ አይደለም የመጣው፤ ሊጽፍ ነው። ያለ በቂ ምክንያት ከቀራችሁ ክሌሙ ሊወድቅ ይችላል፤ ካልተመቻችሁ አስቀድማችሁ ደውሉና ቀን አስቀይሩ።

ክፍሉ ውስጥ ሐኪሙ ጣታችሁን አጥፉ፣ ክርናችሁን ዘርጉ ይላል። በማእዘን መለኪያ ይለካል። በኛ ባህል ትልቅ ሰው ፊት አለማቃሰት ጨዋነት ነው። ጥርሳችንን ነክሰን እስከ መጨረሻው እናጥፋለን። እሱም «ሙሉ እንቅስቃሴ አለው» ብሎ ይጽፋል። እንዲህ አታድርጉ። ህመሙ በጀመረበት ቦታ ቁሙና «እዚህ ላይ ያመኛል» በሉ። አታጋኑ። አትደብቁ። ሁለቱም ውሸት ናቸው፤ አንዱ የሚጎዳው ራሳችሁን ብቻ ስለሆነ ጽድቅ ይመስለናል።

ያ ቀን ደህና ቀን ከሆነስ? በ2017 የቀድሞ ወታደሮች ይግባኝ ፍርድ ቤት ሻርፕ በተባለው መዝገብ ላይ ወስኗል። መርማሪው «ዛሬ አላገረሸበትም» ብሎ ማለፍ አይችልም። በሚያገረሽበት ጊዜ ምን ያህል እንደሚያሰናክል ወታደሩን ጠይቆ ግምቱን መጻፍ አለበት። ለቆዳ ደግሞ በ1994 አርዲሰን በተባለው መዝገብ፣ የሚመጣና የሚሄድ ሽፍታ በሚነቃበት ጊዜ መመርመር እንዳለበት ተወስኗል። መርማሪው ካልጠየቃችሁ እናንተ ንገሩት። በዓመት ስንት ጊዜ፣ ስንት ቀን፣ ምን እንዳስቀራችሁ። «መድኃኒቱ እየረዳኝ ነው» ማለት እውነት ከሆነ በሉ፤ ግን እዚያ ላይ አትቁሙ። ከመድኃኒቱ በፊት እንዴት እንደነበር፣ መርፌው ሲዘገይ ምን እንደሚሆን ጨምሩበት።

በመቶኛው እንዴት ይወጣል?

እዚህ ላይ ትንሽ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ ገንዘቡ ያለው እዚህ ነው። ሁለት በሽታ ስለሆነ ሁለት ሂሳብ አለ።

በቪኤ የደረጃ መጽሐፍ ውስጥ የመገጣጠሚያው ቁጥር 5002 ይባላል። ከፌብሩዋሪ 7 ቀን 2021 ወዲህ ሶሪያቲክ አርትራይተስ በስሙ ተጠርቶ እዚያ ውስጥ ተጽፏል። በሽታው የነቃ ከሆነና ሁለት ወይም ከዚያ በላይ መገጣጠሚያ ከነካ እንዲህ ይታያል። በሐኪም በተረጋገጠ በሽታ ላይ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ካገረሸ 20 በመቶ። ጤናን በግልጽ የሚጎዳ መሆኑ በምርመራ ከታየ፣ ወይም አቅም የሚነሳ ማገርሸት በዓመት ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከመጣ 40። ክብደት መቀነስና የደም ማነስ ኖሮ ጤናው ክፉኛ ከተጎዳ፣ ወይም ከባድ ማገርሸት በዓመት አራት ጊዜና ከዚያ በላይ ከመጣ፣ ወይም ቁጥሩ አንሶ ረጅም ጊዜ የሚቆይ ከሆነ 60። ሙሉ በሙሉ አልጋ ላይ የሚጥል ከሆነ 100።

አሁን ደብተሩ ለምን እንዳስፈለገ ገባችሁ? በ20 እና በ40 መካከል ያለው ልዩነት የማገርሸት ቁጥር ነው። ሦስቱን ጊዜ የጻፈ ከሌለ ሦስት ጊዜ አልሆነም።

ሌላ መንገድ አለ። በሽታው ጋብ ብሎ ጉዳቱ የቀረ ከሆነ፣ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ለብቻው በእንቅስቃሴው ልክ ይለካል። ጉልበት ለብቻ፣ አንጓ ለብቻ፣ ወገብ ለብቻ። ሁለቱን መንገድ ደርቦ መውሰድ አይፈቀድም፤ የሚበልጠው ይሰጣል። ብዙ መገጣጠሚያ ለተጎዳበት ሰው ሁለተኛው ሊበልጥ ስለሚችል፣ መርማሪው የሚያማችሁን ሁሉ፣ አንድ በአንድ፣ እንዲለካ ጠይቁ። «እጄን» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ።

የቆዳው ቁጥር 7816 ነው። ከኦገስት 13 ቀን 2018 ወዲህ ሁለት መለኪያ አለው። አንዱ ስፋት ነው። ከሰውነቱ ወይም ከሚታየው ክፍል ከ5 በመቶ በታች ከሆነና ቅባት ብቻ ከበቃው 0፤ ከ5 እስከ 20 ከሆነ 10፤ ከ20 እስከ 40 ከሆነ 30፤ ከ40 በላይ ከሆነ 60። ሌላው መለኪያ መድኃኒት ነው፤ ሰው የሚረሳውም ይህን ነው። በአፍ ወይም በመርፌ የሚወሰድ፣ መላ ሰውነትን የሚነካ ሕክምና ባለፉት 12 ወራት ያለማቋረጥ ካስፈለገ፣ ሽፍታው የአንድ ሳንቲም ያህል ቢሆን እንኳ 60 በመቶ ነው። ሜቶትሬክሴት እዚህ ይገባል። ሁሚራና መሰሎቹ የባዮሎጂክ መርፌዎች እዚህ ይገባሉ። የብርሃን ሕክምናም ይቆጠራል። በዓመቱ ውስጥ ስድስት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ፣ ግን እየተቋረጠ ከሆነ 30፤ ከስድስት ሳምንት በታች ከሆነ 10።

አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ ጊዜ አንዱ መርፌ ቆዳውንም መገጣጠሚያውንም ያክማል። ያዘዘው ሩማቶሎጂስቱ ከሆነ መዝገቡ ላይ «ለአርትራይተስ» ብቻ ተጽፎ ይቀራል። ቪኤ ያንን አይቶ ለቆዳው ምንም ላይቆጥር ይችላል። ሐኪማችሁ «ይህ መድኃኒት ለሶሪያሲሱም ለአርትራይተሱም ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጨምር ለምኑት። አንድ ዓረፍተ ነገር ከ0 ወደ 60 ሊወስድ ይችላል።

የቪኤ መደመር ደግሞ የትምህርት ቤት መደመር አይደለም። 60 እና 40 ሲደመር 100 አይሆንም። ሙሉ ሰው 100 ነው ይባልና 60 ይነሳለታል፤ 40 ይቀራል። ከቀረው 40 ላይ 40 በመቶ ሲወሰድ 16 ነው። 60 እና 16፣ 76። ወደ ቅርቡ አሥር ይጠጋጋና 80 ይሆናል። ከዲሴምበር 2024 ጀምሮ ለአንድ ዓመት በጸናው ታሪፍ ጥገኛ የሌለው ሰው በ10 በመቶ በወር 175.51 ዶላር፣ በ40 በመቶ 774.16፣ በ80 በመቶ 2,044.89፣ በ100 በመቶ 3,831.30 ያገኝ ነበር። ታሪፉ በየዓመቱ ከኑሮ ውድነት ጋር ይስተካከላል። ከ30 በመቶ ጀምሮ ለትዳር ጓደኛና ለልጆች ይጨመራል። ግብር የለበትም። በሽታው ሥራ ጨርሶ ያስተወ ከሆነ ደግሞ፣ አንዱ በሽታ ብቻውን 60፣ ወይም ድምሩ 70 ሆኖ አንዱ ቢያንስ 40 ከሆነ፣ በፎርም 21-8940 የ100 በመቶውን ክፍያ መጠየቅ ይቻላል።

እምቢ ቢሉስ?

እምቢታ መጨረሻ አይደለም። ከደብዳቤው ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት አላችሁ። ከ2019 ወዲህ ሦስት መንገድ አለ፤ አዲስ ማስረጃ ይዞ መመለስ፣ ያለው ማስረጃ በሌላ ከፍተኛ ባለሙያ እንዲታይ መጠየቅ፣ ወይም ለይግባኝ ቦርድ ማቅረብ። የጎደለው የሐኪም ደብዳቤ ከሆነ የመጀመሪያው መንገድ ይሻላል፤ ሁለተኛው አዲስ ወረቀት አይቀበልም። ደብዳቤውን ሙሉውን አንብቡት። ከሦስቱ እግሮች የትኛው እንደጎደለ እዚያው ላይ ተጽፏል።

ለሚረዳችሁ ሰው ገንዘብ አትክፈሉ። ዲኤቪ፣ አሜሪካን ሊጅን፣ ቪኤፍደብሊው የተባሉት የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት ፈቃድ ያላቸው ወኪሎች አሏቸው፤ በነጻ ይሠራሉ። ለመጀመሪያው ማመልከቻ ማንም ሰው ክፍያ እንዲጠይቅ ሕጉ አይፈቅድም። ፈቃድ ያላቸው ጠበቆች ማስከፈል የሚችሉት የመጀመሪያው ውሳኔ ከወጣ በኋላ ነው። «100 በመቶ አስወጣልሃለሁ፣ ከሚመጣው ይህን ያህል ትሰጠኛለህ» የሚል ሰው ፌስቡክ ላይ ካገኛችሁ ሽሹ።

የምስክር ደብዳቤ

የቤተሰብ ቃል ዋጋ የለውም የሚሉ አሉ። ስህተት ነው። ሐኪም ያልሆነ ሰው የበሽታውን መንስኤ መመስከር አይችልም እንጂ፣ በዓይኑ ያየውን መመስከር ይችላል። እብጠት በዓይን ይታያል። ሽፍታም ይታያል። ጫማ ማሰር አለመቻልም ይታያል።

«ባለቤቴ በጣም ይታመማል፣ እባካችሁ እርዱት» የሚል ደብዳቤ ግን ምንም አይሠራም። ያ ልመና ነው። ቀን፣ ቦታ፣ የታየ ነገር ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ወታደር ባለቤት ብትጽፍ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦

«የተጋባነው በ2014 ነው። በ2015 ጸደይ ላይ፣ ገና በሠራዊቱ እያለ፣ በሁለቱም ክርኖቹ ላይ ቅርፊት ያለው ሽፍታ ወጣ። ክሊኒክ ሄዶ ቅባት ሰጡት። በ2016 ክረምት የቀኝ እጁ ሌባ ጣት ሙሉ በሙሉ አበጠ። የጋብቻ ቀለበቱን ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በአንገቱ ሰንሰለት ላይ ነው የሚያደርገው። ጠዋት ጠዋት ከመኝታው ሲነሳ ግድግዳ ይዞ ነበር የሚሄደው። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን የቦት ጫማውን ክር የማስርለት እኔ ነበርኩ። ለሐኪም ንገር ስለው 'ደህና ነኝ' ይለኝ ነበር።»

ይህ በፎርም 21-10210 ላይ ይጻፋል። እንግሊዝኛው ቢሰባበር ግድ የለም። ፈርማበት ከማመልከቻው ጋር ታያይዘዋለች።